አልጋውን የተሸከሙት አራቱ ሰዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

 

ዛሬ ልንነጋገርበት የተነሣነው ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት ለስብከት የሚሆን አይመስልም። አባቶቻችን ነቀርሳ ይሉት የነበረው፣ ዛሬ ሁሉም ካንሰር ብሎ የሚጠራው ደዌ የያዘው ሰው እግሩ በደከመበት ጊዜ ከመኝታው ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከመንደር ወደ ሐኪም ቤት በምን ይሄዳል? ማንስ ያደርሰዋል? ይህንንስ አስቀድሞ የሚያስብለት ማን ነው? ነገራችን ይህ ነው። ይህ የሐኪምና የቤተ ዘመድ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ወንጌልን ይጠይቅ።

በማርቆስ ወንጌል በሁለተኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ጌታችን በቅፍርናሆም በአንድ ቤት ሲያስተምር ሕዝቡ ደጃፉን እስኪያጣብብ ድረስ ተሰበሰበ። አራት ሰዎችም አንድ ሽባ ሰው በአልጋ ተሸክመው መጡ። በበሩ መግባት ቢሳናቸው ወደ ጣራው ወጡ፤ ጣራውን ነድለው ሕመምተኛውን ከነአልጋው በጌታ ፊት አወረዱት። ወንጌላዊው የእነዚያን ሰዎች ስም አልጻፈልንም። ነገር ግን ጌታችን የሰውየውን ኃጢአት ከማስተስረዩና እግሩን ከማጽናቱ አስቀድሞ ያየው የተሸካሚዎቹን እምነት እንደ ሆነ ነግሮናል።

እስቲ ያን ቀን እናስበው። አራቱ ሰዎች በድንገት በመንገድ የተገናኙ አይመስሉም። አልጋ አዘጋጅተዋል፤ ለመሸከም ተማክረዋል፤ በሩ ቢዘጋ በየት እንገባለን ብለው መላ ፈልገዋል። እምነታቸው በትከሻቸውና በእጃቸው ተገለጠ። እምነት ማለት እግዚአብሔር ያደርጋል ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ሽባ ሰው ከቤቱ ባልወጣ ነበር።

በዮሐንስ ወንጌል በአምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ሌላ ሕመምተኛ አለ። ቤተ ክርስቲያናችን የዐቢይ ጾምን አራተኛ እሑድ መጻጕዕ ብላ የሰየመችው በእርሱ ነው። ይህ ሰው በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ከነደዌው 38 ዓመት የቈየ ነበር። ጌታ ልትድን ትወዳለህን ብሎ በጠየቀው ጊዜ የመለሰው ስለ ሕመሙ ጽናት አልነበረም፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያገባው ሰው እንደሌለው ተናገረ እንጂ። ፈውሱ በፊቱ ነበረ፤ ርቀቱ ጥቂት እርምጃ ነበረ፤ ያጣው የሚያደርሰው ሰው ነበር። አንዱ ሕመምተኛ አራት ሰው ነበረው፤ ሌላው አንድም አልነበረውም። ጌታችን በቸርነቱ ሁለቱንም ፈወሰ። ለእኛ የተተወልን ሥራ ግን የአራቱ ሰዎች ሥራ ነው።

ወገኖቻችን ሆይ! ካንሰር የሰውን እግር የሚይዝበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ከደዌው ከራሱ የሚመጣ፣ ተኝተው ቢያድሩ የማይለቅ ድካም አለ። ከመድኃኒቱ የሚመጣም አለ፤ በደም ሥር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የእግርን ጣትና መርገጫ ያደነዝዛሉ፤ እሾህ ቢወጋው እንኳ ሕመምተኛው አያውቅም፤ በጨለማ ሲራመድ መሬቱን አያገኘውም። የጡት፣ የፕሮስቴት፣ የሳንባና የኩላሊት ካንሰር ደግሞ ወደ አጥንት መዛመት ልማዳቸው ነው፤ አጥንቱ ሲበላ ትንሽ መደናቀፍ ይሰብረዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉት የምንለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ካንሰር ያለበት ሰው አዲስ የጀርባ ሕመም ቢጀምረው፣ ይልቁንም ሲተኛ ወይም ሲያስል ቢብስበት፣ እግሩ ቢከዳው ወይም ቢደነዝዝ፣ ሽንቱን መቋጠር ወይም መሽናት ቢሳነው፣ ደዌው የጀርባውን ሕብለ ሰረሰር ተጭኖት ሊሆን ይችላል። ይህ ለገበያ ቀን ወይም ለበዓል ማግሥት የሚቀጠር አይደለም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድን ይፈልጋል። ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒትና ጨረር እግርን የሚያተርፈው ሰውየው ገና በእግሩ መቆም ሳለ የተጀመረ እንደ ሆነ ነው። እግር ዝሎ ቀናት ካለፉ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። እንደዚህ ያለውንም ሕመምተኛ በበቅሎ መጫን ወይም በጀርባ ማዘል አጥንቱን መስበር ይሆናል፤ በቃሬዛ ጠፍጣፋ ላይ አስተኝቶ ሳያንገጫግጩ መውሰድ ይገባል።

ደግሞም በአገራችን በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ለኖረ ሰው የሚመጣውን የእግር እብጠት ስለምናውቅ፣ እብጠት ሁሉ ዝሆኔ ይመስለናል። ካንሰር የያዘው ሰው ግን አንድ እግሩ ብቻ በድንገት ቢያብጥና ቢያመው በደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ያለ መዘግየት ለሐኪም መታየት አለበት። እያሹ ማሳበጥም አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ሁሉ እንደሚመጣ ከታወቀ አስቀድመን ስለ ምን አንዘጋጅም? ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። ሰውየው ገና በእግሩ እየሄደ ሳለ ስለ ምርኩዝ ያነሣ ሰው እንዳሟረተ ይቈጠራል። ልጅ አባቱን፣ ሚስት ባልዋን፣ ነገ መራመድ ቢያቅትህ ምን እናደርጋለን ብለው ለመጠየቅ ይፈራሉ። ሕመምተኛውም ቤተ ሰቤን አስጨንቃለሁ ብሎ ዝም ይላል። እንዲህ ሁሉም በየልቡ እያወቀ በአንድ ጣራ ሥር ተደባብቆ ይኖራል። ከዕለታት አንድ ቀን ሌሊት እናት ከመኝታዋ ተነሥታ ስትወድቅ ያን ጊዜ ቃሬዛ ይፈለጋል፤ ገመድ ይፈለጋል፤ ገንዘብ ይፈለጋል፤ መኪና ይፈለጋል። የአገራችን ሰው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያለው ስለ እንዲህ ያለው ቀን ነው።

ወዳጆቻችን! አስቀድሞ ማዘጋጀት ሟርት አይደለም። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ባከማቸ ጊዜ ረኀቡን የጠራው እርሱ አልነበረም፤ ረኀቡ ሳይመጣ ሰውን አተረፈ። ገበሬም በግንቦት ጣራውን የሚከድነው ዝናቡን ለመጥራት አይደለም። እንግዲህ ለጣራችን የምናደርገውን ለእናታችን እግር ስለ ምን እንከለክላለን?

ደግሞ ሌላ ነገር እንመልከት። እኛ ለሞት መዘጋጀትን እናውቅበታለን። እድር አለን፤ ድንኳንና ወንበር አለን፤ ሰው በሞተ ጊዜ ጥሩንባ ይነፋል፤ አርባና አምሳ ሰው ትከሻውን ይዞ ይመጣል። ይህ መልካም ነው፤ ጌታም አይነቅፈውም። ነገር ግን ሙት ለመሸከም አርባ ሰው ተገኝቶ ሕያውን ለመሸከም አራት ሰው ቢታጣ፣ ምን ብለን እንመልሳለን? አስከሬኑን በክብር ያጀብነው ወንድም ከሁለት ወር በፊት የሚያደርሰው አጥቶ የሐኪም ቀጠሮው አልፎበት ከነበረ እንባችን ምን ይጠቅመዋል?

ስለዚህ የሚገባውን ዝግጅት በሦስት ከፍለን እንነግራችኋለን። አንደኛው የቤት፣ ሁለተኛው የመንገድ፣ ሦስተኛው የሰው ዝግጅት ነው።

አንደኛ፤ የቤት ዝግጅት። ሕመምተኛው የሚተኛበት መደብ ወይም አልጋ ከጉልበቱ ጋር ትክክል ይሁን፤ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ መነሣት ያዳግታል። ከመኝታው እስከ ደጁ ባለው መተላለፊያ ቁርበትና የሚያደናቅፍ ዕቃ አይቀመጥ፤ የደጃፉ መድረክ ከፍ ያለ ከሆነ በድንጋይና በአፈር ተደልድሎ ይስተካከል። የእጅ ባትሪ ከራስጌው አይለይ። የሽንት ቤቱ ነገር አያሳፍረን፤ ቁጢጥ ማለት የማይችል ሰው በዚያ ምክንያት መብላትና መጠጣት እስኪተው ድረስ ይጨነቃልና። መቀመጫው የተበሳ የእንጨት ወንበር አናጺ በአንድ ቀን ይሠራዋል፤ ከጉድጓዱ በላይ ይቀመጣል፤ በግድግዳውም ላይ የሚይዘው እንጨት ይመታ። ምርኩዝ የሚይዝ ሰው ቁመቱን ይለካ፤ እጁን ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ሲቆም የምርኩዙ እጀታ ከእጁ አንጓ ጋር ይገናኝ፤ የሚይዘውም ከደከመው እግር ትይዩ ባለው በሌላው እጅ ነው። አልጋ ላይ የዋለውን ሰው ደግሞ ጀርባው እንዳይቈስል በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡት። መራመድ የሚችለውን ግን ተኛ ብላችሁ አታስሩት፤ ሐኪሙ ካልከለከለው በቀር በየቀኑ ጥቂት መራመድ ኃይልን ይጠብቃል፤ ከተኙ ግን የቀረውም ጉልበት ቶሎ ያልቃል።

ሁለተኛ፤ የመንገድ ዝግጅት። ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር 175 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ይሰጣል። የጨረር ሕክምና ግን ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ሁሉ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ኋላ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች ቢጀመርም ለጎጃም ሕመምተኛ መንገዱ ረጅም ነው። ነገር ግን የገጠር ሰው እንደሚያውቀው ከባዱ መንገድ ረጅሙ አስፋልት አይደለም፤ ከቤት እስከ አስፋልት ያለው ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው ጉልበት ይይዛል፤ ወንዙ ይሞላል። ስለዚህ ከክረምት በፊት ተማከሩ፤ ሕመምተኛው ክረምቱን በመንገድ ዳር ባለ ዘመድ ቤት ሊያሳልፍ ይችል እንደ ሆነ ጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተራችሁን በወቅቱ አሳድሱ፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚያሸጋግረውን ወረቀት አስቀድማችሁ ያዙ፤ የሐኪሙን ወረቀት ሁሉ በአንድ ከረጢት አኑሩ። መድኃኒቱ በየ21 ቀኑ የሚሰጥ ከሆነ በወሩ ቅዱሳን ቍጠሩት፤ በሚካኤል ቀን የወሰደ ሰው ተመልሶ የሚሄደው በሚመጣው ወር በበዓታ ነው፤ ጳጕሜን በመካከል ሲገባ ብቻ ቍጥሩ ይለወጣል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ በተደጋጋሚ መዘጋቱን ሁላችሁም አይታችኋል። የመንገድ መዘጋት ለነጋዴው ኪሳራ ነው፤ ለካንሰር ሕመምተኛ ግን የዘመኑ ማጠር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቀጠሮው ዋዜማ ሳይሆን ቀናት አስቀድሞ መነሣት፣ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ሳለ መጠየቅ ይገባል። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከተማይቱ እንደ ስምዋ እንድትሆን፣ ቢያንስ ሕመምተኛና ቃሬዛ ያለ ከልካይ የሚያልፉባት እንድትሆን፣ መሣሪያ የያዙትን ሁሉ በእግዚአብሔር ስም እንለምናለን።

ሦስተኛ፤ የሰው ዝግጅት። ይህ ከሁሉ ይበልጣል። አራት ሰዎች በስም ይታወቁ፤ ሁለቱ በሌሉ ጊዜ የሚተኩ ሌሎች ሁለት ይታወቁ። ቃሬዛው ወይም ወሳንሳው ተሠርቶ በማን ቤት እንደሚቀመጥ ይታወቅ። ከእነርሱ አንዱ የመኪና ወይም የባጃጅ ባለቤት ስልክ ይያዝ። እድርተኞች ሆይ! ከምትሰበስቡት ገንዘብ ጥቂቱን ለሕያዋን መንገድ ለዩ። የጽዋ ማኅበርተኞችና የሰንበቴ አባሎች! ጽዋው በሕመምተኛው ቤት ተራ በሚደርስበት ጊዜ ድግሱን ከእርሱ ላይ አንሡለት፤ እናንተ ይዛችሁ ሂዱ።

እርሻውንም አትርሱ። ንጉሥ ዳዊት የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን፣ ሁለት እግሩ ሽባ የነበረውን፣ በማዕዱ ባስቀመጠው ጊዜ በዚያ ብቻ አላበቃም፤ ሲባ ከልጆቹና ከአገልጋዮቹ ጋር መሬቱን እንዲያርስለት አዘዘ። ዳዊት ያወቀው ምንድን ነው? እግሩ የታሰረ ሰው በማዕድ ቢከበርም መሬቱ ጦም ካደረ ልቡ እንደማያርፍ ነው። ብዙ ገበሬ ሕክምናውን የሚተወው መድኃኒቱን ጠልቶ አይደለም፤ የበቆሎው አረም ወይም የጤፉ አጨዳ ደርሶበት ነው። ስለዚህ ደቦ ስትወጡ መጀመሪያ የሕመምተኛውን ማሳ ግቡበት።

ስለ ጠበልም አንድ ቃል እንናገር። በሰከላ ወደ ግሽ ዓባይ፣ በሌላም ስፍራ ወደ ጠበል የሚሄዱ ሕሙማን ብዙዎች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም ትባርካቸዋለች። ነገር ግን ጠበልና መድኃኒት ባላጋራዎች አይደሉም። ወንጌላዊው ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበር፤ መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል። ጠበል የምትጠመቁ ሁሉ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ፤ እግራችሁ የደነዘዘና አጥንታችሁ የታመመ ደግሞ በሚያንሸራትተው ድንጋይ ላይ ብቻችሁን አትውረዱ። ካህናትም አባቶች ጠበሉ ወደ ሕመምተኛው ቤት የሚመጣበትን መንገድ ያስቡ።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ወደ ሕመምተኞቹ እንመለሳለን። ምርኩዝ መያዝና በሰው መደገፍ እንደ ውርደት የሚከብዳችሁ አላችሁ። ትናንት በሬ ጠምዶ የሚያርስ፣ እንስራ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሰው ነበርንና ዛሬ ታዘሉ ስንባል ልባችን ይሰበራል ትላላችሁ። እናውቃለን። ነገር ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቡና ተመልከቱ። መዘምራኑ፣ ሊቃውንቱ ሁሉ መቋሚያ ይዘዋል። ሌሊቱን ቆመው የሚያመሰግኑት በመቋሚያ ተደግፈው ነው፤ ማንም በዚህ አልነቀፋቸውም፤ እንዲያውም መቋሚያው የምስጋናው ክፍል ሆነ። የእናንተም ምርኩዝ መቋሚያችሁ ነው። ጌታችን ራሱ መስቀሉን ተሸክሞ ሲደክም የቀሬናው ስምዖን እንዲሸከምለት ሆኖአል፤ መሸከምን ከሰው መቀበል ነውር ቢሆን ኖሮ ይህ በጌታ ላይ ባልሆነ ነበር። በቅዳሴም ዲያቆኑ ተነሡ ባለ ጊዜ መነሣት ያልቻለ ሰው ተቀምጦ በልቡናው ይነሣ፤ ስለ ጾሙም ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር፤ ሥርዓታችን ለሕሙማን ይራራልና።

ደግሞ አፋችሁን አትዝጉ። ዛሬ በእግራችሁ ሳላችሁ ቤተ ሰባችሁን ጠርታችሁ የምትፈልጉትን ተናገሩ። ወዴት መታከም እንደምትወዱ፣ ማን እንዲሸከማችሁ፣ መዳን ባይሆን ደግሞ በሆስፒታል ወይስ በቤታችሁ ከደብራችሁ አጠገብ መሆን እንደምትመርጡ ንገሩአቸው። ይህን የተናገረ ሰው ራሱንም ቤተ ሰቡንም ከብዙ ጭንቀት ያሳርፋል። እግሩን ያጣ ወይም መንቀሳቀስ የተሳነው ሰውም ተስፋ አይቍረጥ፤ በባሕር ዳር ባለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ሰው ሠራሽ እግር፣ ክራንችና ተሽከርካሪ ወንበር ይገኛል።

ኀዘን ወደ ምን ሊለወጥ እንደሚችል ደግሞ አንድ ምሳሌ እንስጣችሁ። በአዲስ አበባ የአራት ዓመት ሕፃን ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. በልጁ ስም የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። ይህም ማኅበር ከሩቅ አገር ለሕክምና መጥተው ማደሪያ ለሚያጡ ሕሙማን ማረፊያ ያዘጋጃል። ለአንድ ልጅ የተነጠፈ አልጋ ባዶ ቢሆን፣ የብዙዎች አልጋ ተነጠፈበት። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ባለ ጸጎች፣ ከገጠር መጥተው መኪና የሚጠብቁ ሕሙማን የሚያድሩበት አንድ ክፍል ቤት መስጠት ይሳናችኋልን?

ወገኖቻችን! እያንዳንዱ ሕመምተኛ ይድናል ብለን ልንነግራችሁ አንችልም፤ ይህ የእግዚአብሔር ምሥጢር ነው። እያንዳንዱ ሕመምተኛ ሰው አያጣም ብለን መናገር ግን እንድንችል ማድረግ በእጃችን ነው። በዚህ ሳምንት በመንደራችሁ ካንሰር የያዘው ሰው ካለ ሄዳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሌሊት እንዴት ትነሣለህ? የሚመጣው ቀጠሮህ መቼ ነው? አራቱ ሰዎችህስ እነማን ናቸው? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ያጣ እንደ ሆነ አንደኛው እኔ ነኝ ብላችሁ ሦስቱን ፈልጉለት።

አልጋ ተሸካሚዎቹን አይቶ የራራ ጌታ፣ ሰው ያጣውንም በመጠመቂያው ዳር የጐበኘ መድኃኔ ዓለም፣ ሕሙማንን ይፈውስልን፤ ለሚሸከሙአቸው ኃይል ይስጥልን፤ ለአገራችን መንገድ ሰላም ያውርድልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ለዓለመ ዓለም፤ አሜን።